የእናቴ ድርሻ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ሁሉ ከፍርሃት የመጣ ነው። ከቤት ወጥቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ሦስት ፎቅ ወርጄ፣ የብስክሌቴን ሰንሰለት ከፈታሁ በኋላ እንደገና ደረጃውን ወጥቼ በሩን የምገፋ ሰው ነኝ። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትስቅብኛለች። "ማማ፣ በሩ ራሱ ታክቶታል" ትለኛለች።

ሥራዬ እዚህ "ቱይስዞርግ" የሚሉት ነው። በአምስተርዳም ምዕራብ፣ በስሎተርቫርትና በአካባቢው፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን አያለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው መርሳት ሲጀምር ምን እንደሚመስል በደንብ አውቃለሁ። መነጽር ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገኝ፣ ጥያቄ በሳቅ ሲታለፍ፣ ትናንት የተነገረኝ ወሬ ዛሬ እንደ አዲስ ሲነገረኝ ወዲያው ይገባኛል። ገብቶኝም ዝም አልልም፤ በሥራ ታብሌቴ ላይ እጽፈዋለሁ። "ወይዘሮዋ ዛሬ ቀኑን አላወቁም" ብዬ ስጽፍ አመንትቼ አላውቅም። የሰው እናት ናቸዋ።

የራሴ እናት እኔው ቤት ነው የምትኖረው። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ሕጉ እንዲህ ሳይጠብቅ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ካለ ገጠር መጣችልኝ። ደችኛዋ ሰላምታና ምስጋና ላይ ቆመ፤ ከዚያ አላለፈም፤ እሷም አልጨነቃትም። ትራሙን በቁጥሩ ሳይሆን በሚያልፍባቸው ዛፎች ለይታ ታውቀው ነበር። ገበያ ሄዳ የቱርኩን ባለ ሱቅ በአማርኛ ተከራክራ፣ እሱም በቱርክኛ ተከራክሯት፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያዩ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

አንድ ክረምት ላይ ወጡ ጨው ሲበዛበት ዝም አልኩ፤ ማንም ሰው ሁለቴ ይጨምራል። ልጄን በእኔ ስም፣ ቀጥላ በሟች አክስቴ ስም ስትጠራት ሳቅን፤ የትኛዋ እናት ናት እንዲህ የማታደርግ? ምድጃው ላይ የጣደችው ድስት ከስሎ ቤቱ በጭስ ሲሞላ ግን ልጄ አልሳቀችም። መስኮቶቹን ሁሉ ከፋፍታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞረችና፣ "ማማ፣ ኦማ ደህና አይደለችም። ሁይሳርትስ ጋ አፍስፕራክ ያዢላት፣ አለዚያ እኔ እደውላለሁ" አለችኝ። ኦማ የምትለው አያቷን ነው፤ ሁይሳርትስ የቤተሰብ ሐኪማችን፣ አፍስፕራክ ደግሞ ቀጠሮ። ደወልኩ። እሱም ወደ ሆስፒታል፣ የማስታወስ ችግር ወደሚመረመርበት ክፍል ላከን።

ቀጠሮው በመጋቢት ነበር። ሐኪሟ ደልደል ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። በስልክ አስተርጓሚ ልታስገባ ሞከረች፤ ለአማርኛ በዚያች ሰዓት ሰው አልተገኘም። "ቀጠሮውን ላዛውረው?" ስትለኝ፣ "ችግር የለም፣ እኔ አለሁ" አልኳት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ልጄ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ይዛ ስልኳን ትነካካ ነበር።

"ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?" የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር። እናቴ በእኛ አቆጣጠር በትክክል መለሰች። እኔም ስምንት ዓመት ደምሬ ለሐኪሟ ነገርኳት። በዚህ ምንም ውሸት የለበትም፤ አገር ቤት ደውሎ ቀን የሚጠያየቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

"ወሩስ?"

"ጥቅምት" አለች እናቴ፣ ያለ ምንም ጥርጥር።

አፌን ከፈትኩ። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። እናቴ ደግሞ ፊቴን ታያለች፤ ጥሩ መልስ የመለሰ ሰው ፊት ነው ያላት። እዚህ ላይ ማንም ይህን የሚያነብ አበሻ የሚረዳኝ ይመስለኛል። እናትሽን በባዕድ ሰው ፊት፣ ያውም በገዛ አንደበትሽ፣ እንዴት ታዋርጃታለሽ? ይሉኝታ የሚባለው ነገር ያዘኝ። "መጋቢት" አልኩ በደችኛ። ዓመቱን ለውጬ የለ? ወሩንም እንደዚያው ለወጥኩት።

ከዚያ በኋላማ ቁልቁለት ነው። አሁን ያለንበት ከተማ ማን ይባላል ሲሏት "ማርቆስ" አለች፤ አምስተርዳም አልኩ። ቁልፍ፣ ዓሣ፣ ሎሚ የሚሉትን ሦስት ቃላት እንድትይዝ ነግረዋት፣ ጥቂት ቆይተው ሲጠይቋት ሎሚን ብቻ አገኘች፤ ስለ ሎሚ ዋጋም ትንሽ አጉረመረመች። እኔ ሦስቱንም ተናገርኩ። እንዲያውም እውነት እንዲመስል ዓሣን ከቁልፍ አስቀደምኩ። ይህን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል።

ሰዓት ሳዪ ተባለች። ክብ አድርጋ ጀመረችው፤ ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ደፋቻቸው፣ ሌላው ግማሽ ባዶ ቀረ። እዚያ ላይ የምተረጉመው አልነበረም፤ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እኔ ግን አላረፍኩም። "እኛ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ጀምሮ ነው" ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ሐኪሟ በትሕትና ራሷን ነቀነቀች። ያልኩት እውነት ነው፤ የተደፉትን ቁጥሮች ግን አያነሳቸውም።

ሲያልቅ ሐኪሟ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች፣ ለጨዋታ ያህል ይመስለኛል፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል ጠቆመች። "እዚያ ላይ ምን ይታያቸዋል?" አለች።

ሥዕሉ በመስታወት የተያዘ ቅጂ ነው። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ሰማዩን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሦስት አራተኛው ሰማይ ነው፣ ዳመና የተቆለለበት። ከሥሩ የስንዴ ማሳ፣ ማሳው ውስጥ ያጎነበሱ ሻሽ ያሰሩ ሴቶች፣ ርቆ የደወል ቤት ጫፍ። እናቴ ተነስታ ተጠጋችው። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየች።

"አጨዳ ዘግይተዋል" አለች። "ስንዴው በጣም ደርቋል፤ ይኸው ከነዶው ሥር ምን ያህል እንደረገፈ። ያ ዳመና ደግሞ አይለቃቸውም። ለዚህ ነው ማንም ቀና ያላለ። ወንዶች የሉም፤ ወይ ዘምተዋል ወይ ሞተዋል። ሴት ብቻውን አጨዳ ከገባ የሰው እጥረት አለ ማለት ነው። ይህችኛዋ ነዶ ማሰር አታውቅም፣ ሲሸከሙት ይፈታል።"

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩ። በዚያ ጠዋት ሳልጨምር ሳልቀንስ የተረጎምኩት ይህን ብቻ ነው። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠች። ሥዕሉ የአንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ሥራ መሆኑን፣ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ እንደተሳለ፣ ዋናው ዘ ሄግ ሙዚየም ውስጥ እንደሚገኝ ነገረችን። "ስንት ዓመት እዚህ ስሠራ ነዶውን አይቼው አላውቅም" አለች። ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ለዕድሜዋና ትምህርት ላልገባች ሰው ደህና ናት፣ ከዓመት በኋላ እንያት የሚል።

ደስታዬ የተፈረደለት ሰው ደስታ ነበር። በፈተናው ዕለት ግን፣ ከሆስፒታሉ ስንመለስ፣ ልጄ ትራም ውስጥ ስልኳን ሳትነካ መጣች። ልንወርድ ስንል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ማማ፣ ኦማ ጥቅምት ነው ያለችው" አለች።

"ትርጉም ነው" አልኳት።

"ዳት ክሎፕት ኒት ማማ። ልክ አይደለም፣ ታውቂያለሽ። ሎሚ ብቻ ነው ያለችው።"

እዚያ ቁጭ ብላ ሁለቱንም ቋንቋ ስትሰማ ነበር። ረስቼው ነበር። ልጅን አማርኛ አስተምሪ አስተምሪ ሲሉኝ ኖረው፣ ያስተማርኩት ለዚህ ቀን ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ወራት የሲኦል ነበሩ ብል አላበዛሁም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የምድጃውን አራት የሚዞሩ መክፈቻዎች ነቅዬ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ደረጃ ስወጣና ስወርድ ኪሴ ውስጥ ይንኳኳሉ። አንዲት የማጥባቸው ወይዘሮ፣ "ምንድን ነው የሚጮኸው?" ብለው ጠየቁኝ፤ ቁልፍ ነው አልኳቸው። በየሁለት ሰዓቱ ቤት እደውላለሁ። እናቴ ስልኩን ካነሳች እፎይ፤ ካላነሳች ሽንት ቤት ነው ያለችው፣ ተኝታ ነው፣ እያልኩ እንደገና እደውላለሁ። ሐኪሟ እውነቱን ብታውቅ ኖሮ ቀን የሚወስዳት፣ ከእኩዮቿ ጋር የሚያውላት፣ ጠዋት ቤት መጥቶ የሚያያት ሰው እንደሚመደብላት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እኔው ነኝ ለሌላው የምመደበው።

ሮተርዳም ለሚኖረው ወንድሜ መርሳቷን ነገርኩት። በወር አንዴ እሑድ ይመጣል፤ እሱ ሲመጣ እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ቀሚሷን ቀይራ፣ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅታ ታጫውተዋለች። "ደህና እኮ ናት! አንቺ ነሽ ነገር የምታበዢው፣ ድሮም ፈሪ ነሽ" አለኝ። ተናደድኩበት፤ ግን ደግሞ እውነት እንዲሆን ተመኘሁ።

በሰኔ አንድ ቀን አንድ አዛውንት ጀርባቸውን እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ወደ አምስተርዳም ኖርድ ከሚያሻግሩት ጀልባዎች ላይ የሚሠራ ሰው ነው። አንዲት ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ከጠዋት ጀምሮ ይሻገራሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሻገራሉ፤ ቦርሳቸው ውስጥ ይህ ቁጥር ተገኘ አለኝ። ጀልባው ቲኬት የለውም፤ ሰው ሲገባ አብራ ትገባለች፣ ሰው ሲወርድ አብራ ትወርዳለች። ስደርስ ወንበር ሰጥተዋት ወንዙን እያየች ተቀምጣለች። "መጣሽ? ወዲያ ማዶ ቤታችን የለም፣ ወዲህም ማዶ የለም፤ አጣሁት" አለችኝ። ተናድጄ አልነበረም፣ ግን ጮህኩባት። ሰው እየሰማ በአደባባይ እናቴ ላይ ጮህኩ። ከዚያ እጇን ይዤ አለቀስኩ።

ያን ዕለት ከእራት በፊት ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ፊቴ ቆመች። "ለሐኪሟ ደውይላት" አለች። "ስለ ሌላ ሰው ኦማ እውነቱን ትጽፊያለሽ። ስለ እኛ ኦማ ብቻ ነው የምትዋሺው።"

"ፈርፕሌኽሁይስ ውስጥ እንዲዘጉባት ነው የምትፈልጊው?" አልኳት። ፈርፕሌኽሁይስ ራሳቸውን የማይችሉ ሰዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። "እኔ ገብቼ አይቻለሁ! አንድ የሞሮኮ ሰው ቋንቋው የሚገባው አጥቶ ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ጋር ያወራል። እናቴ ማን ጋር ልታወራ ነው?"

"ማማ፣ ማንም እንደዛ አላለም። ዛሬ ውኃ ውስጥ ብትወድቅስ?" አለችኝ።

ሰው መልስ ሲያጣ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሌላ ነገር ፈለሰፍኩ። ያ የአጫጆች ሥዕል ትዝ አለኝ። እሱን ስታይ እኮ አንድም አልሳተችም! ወስጄ ዋናውን አሳያታለሁ አልኩ። እንደዚያን ጊዜው ካነበበችው ደህና ናት ማለት ነው፤ ለማንም የምናገረው የለኝም። ካላነበበችው ሰኞ እደውላለሁ። ፈተናውን ራሴ አዘጋጀሁ፣ ፈራጅዋም ራሴ። ለልጄ ስነግራት ዓይኗን ወደ ጣሪያ አዞረች፤ ግን አብራን መጣች።

ቅዳሜ በባቡር ወደ ዘ ሄግ ሄድን። መንገዱን ሙሉ እናቴ ላሞችና ቦዮች እያየች ተጫወተች። የማለፊያ ፈተና ያለባት እኔ ነበርኩ የምመስለው። ሙዚየሙ ውስጥ የእናቴን ክንድ አጥብቄ ይዤ፣ ጥበቃዎቹ ያፈጠጡብን እየመሰለኝ፣ ክፍል በክፍል ፈለግነው። ልጄ ናት ያገኘችው።

ከጠበቅሁት በጣም ይተልቃል። ደግሞ ያው አይደለም። ሆስፒታል ያለው ቅጂ ከቀኝ በኩል ተቆርጦ ኖሯል፤ እዚህ ማሳው ወደ ጎን ይቀጥላል፣ ጥጉ ላይም ያላየናቸው ሁለት ሴቶች አሉ። ፈተናዬ ተበላሸ ብዬ ሳስብ፣ እናቴ ክንዷን ከእጄ አውጥታ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ጮክ ብላ፣

"እግዜር ያበርታችሁ!" አለች። ጎንበስም አለች።

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። ጥበቃው ከጥግ ተነሳ። እናቴ ቆማ ትጠብቃለች። አለቀ፣ አበቃ፣ አልኩ በልቤ፤ ከሥዕል መልስ የምትጠብቅ ሴት ሆናለች። "እማዬ" አልኳት በሹክሹክታ፣ "ሥዕል እኮ ነው።"

ዞር ብላ ገላመጠችኝ። "ሥዕል መሆኑ የጠፋኝ መሰለሽ? ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ የእመቤታችንን ሥዕል ሳትሳለሚ ዝም ብለሽ ታልፊያለሽ? እነዚህስ ፀሐይ ላይ ጎብጠው ሲሠሩ እያየሽ አፍሽን ዘግተሽ ልታልፊ ነው? የሚሠራ ሰው በሰላምታ ነው የሚታለፍ። ክፉ ሰው ነው ዝም ብሎ የሚያልፍ።"

ሳቄ መጣ። እንባዬም አብሮ መጣ። ጥበቃውን "ይቅርታ፣ ሰላምታ እየሰጠቻቸው ነው" አልኩት፤ ፈገግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ደህና ናት፣ አልኩ። ከእኔ ይልቅ ደህና ናት። ያን ያህል ቀላል ሆኖ የታየኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

መሀል ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሦስታችንም ተቀመጥን። እናቴ ዓይኗን ሥዕሉ ጥግ ላይ ተክላ ቆየች፤ ፍርሃቴ ተመለሰ። ልጄ ናት የጠየቀቻት። "ኦማ፣ እዛ ጥግ ላይ ያሉት ሁለቱ ምን እያደረጉ ነው? አንቺ ታውቂያለሽ።"

"እነሱንማ ነው የማየው" አለች እናቴ። "ተመልከቺ፣ ሁሉም በመስመር ነው የቆሙት። እያንዳንዷ ፊቷ ያለው ድርሻዋ ነው፤ እያጨደች ወደፊት ትሄዳለች። ያቺ ትልቋ ሴትዮ ደክማለች፤ እጇ ማጭዱን ይዟል እንጂ አይቆርጥም። ድርሻዋ ግን ታጭዷል። ማን አጨደው? አጠገቧ ያለችዋ ናት። የራሷን ትታ ወደ አሮጊቷ ታጋድላለች። ባለ ማሳው ያ ከኋላ በፈረስ ያለው ነው፤ እሱ እንዳያይ ነው።"

ፈረሰኛውን እኔ አላየሁትም ነበር። አውራ ጣት የማያህል፣ ከዛፎቹ ሥር፣ አለ።

"እኛም እንዲህ እናደርግ ነበር" ቀጠለች። "አባቴ ሲሞት ወንፈል የምንወጣው እኔና እናቴ ነበርን። ዛሬ ለጎረቤት ታጭጃለሽ፣ ነገ ጎረቤት ላንቺ ያጭዳል፤ ጉልበትሽ ካነሰ ግን ተመልሶ የሚመጣልሽ የለም። እናቴ አቅም አነሳት። ማንም እንዳያውቅባት ከጎኗ ቆሜ ድርሻዋን አጭድላት ነበር።"

"ጥሩ ልጅ ነበርሽ" አልኳት።

"ጥሩስ ጥሩ ነበርኩ። ግን ባለ ማሳው ካላየ አሮጊቷን ዛፍ ሥር ተቀመጪ የሚላት የለም። ፀሐይ ላይ ትውላለች። አንድ ቀን ራሷን ስታ ወደቀች፣ ከነማጭዷ፣ ጉልበቷ ላይ። ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ አልሄደችም። ሰው ሁሉ ምን ነካት አለ። እኔ ግን አውቅ ነበር።" ከሥዕሉ ዓይኗን ሳታነሳ፣ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። "ሐኪሟ ዘንድ ድርሻዬን አጭደሽልኛል።"

ልጄ ወደ ወለሉ አቀረቀረች። "ማን ነገረሽ?" አልኩ።

"ማን ይነግረኛል? እኔ አንድ ቃል ስናገር አንቺ ሦስት ትናገሪያለሽ። ቋንቋው ባይገባኝ ርዝመቱ ይገባኛል። ደግሞ ስትዋሺ ከልጅነትሽ ጀምሮ አንገትሽን ታሻሽያለሽ።" እጄ አንገቴ ላይ ነበር፤ አወረድኩት። "አትቆጪ። ፈርተሽ ነው። እኔም ፈርቻለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ቤቱ የማን እንደሆነ የሚጠፋኝ ጊዜ አለ፣ እናንተ እስክትነሱ አልጋዬ ላይ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ተይኝ፣ ባለ ማሳው ይየኝ።"

ልጄ አቅፋት አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ አፍሬ ነበር። ስንት ወር ሙሉ ስፈራላት እሷም ብቻዋን አልጋዋ ላይ ስትፈራ ኖራለች። አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን።

ከሙዚየሙ ወጥተን ባቡር ጣቢያው ስንደርስ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ "ከየት ነው የምንመጣው?" ብላ ጠየቀችን። "ከአጨዳ" አለቻት ልጄ። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

ሰኞ ደወልኩ። ለሐኪሟ ምን እንዳደረግሁ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። "ብዙ ልጆች ያደርጉታል" አለችኝ፣ "በደችኛም ቢሆን።" አዲስ ቀጠሮ ሰጠችን፤ በዚህኛው ግን አስተርጓሚው በስልክ ይሆናል፣ እኔ ከእናቴ ጎን መቀመጥ እችላለሁ፣ መናገር ግን አልችልም።

መናገር አለመቻል ምን ያህል እንደሚያምም ያን ዕለት አወቅሁ። ከስልኩ የሚወጣው የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ነው፤ ጨዋ፣ "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" እያለ የሚጠይቅ። ወሩ ማን ነው ሲላት ጥቅምት አለች፤ ጥቅምት ብሎ ተረጎመ። ከተማው ማርቆስ ነው አለች፤ ማርቆስ ብሎ ተረጎመ። ፈረስ፣ መስኮት፣ ማር። ከሦስቱ አንዱንም አላገኘችም። እኔ እስከ ዛሬ ሦስቱንም አልረሳኋቸውም። ምላሴን ነክሼ፣ እጄን አንገቴ ላይ እንዳይሄድ ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ የምድጃውን መክፈቻዎች ጨብጬ ተቀመጥኩ።

"አሁን የመጨረሻው ነው እማማ" አለ ድምፁ። "አጠገብዎ የተቀመጡት ሴትዮ ማን ናቸው?"

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ረጋ ብላ፣ ከሻሼ እስከ ጫማዬ አየችኝ። ስሜን ስትፈልግ አየኋት፤ ሄዳ ሄዳ፣ ሳታገኘው ስትመለስም አየኋት። ከዚያ ፊቷ በራ።

"አጠገቤ የምታጭደዋ ናት" አለች።

አስተርጓሚው እንዲደግሙለት ጠየቀ፤ ደገመችለት። ቃል በቃል ተረጎመው። ሐኪሟ ቀና ብላ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን፣ ጥጉ የተቆረጠውን ሥዕል፣ ቀጥላ እኔን አየች። ማስረዳት እችል ነበር። ወንፈሉን፣ ድርሻውን፣ ያቺን ጥግ ላይ ያለችውን ሴት፣ በሁለት ደቂቃ አስረድቼ መልሱን ትክክል ማሰኘት እችል ነበር። ቃሉ ሁሉ በደችኛ ተሰልፎ ከንፈሬ ላይ ቆሟል።

ዝም አልኩ። ሐኪሟ አቀርቅራ ጻፈች።